ከላሜራው ወዲያ

ብረት ሲቀጠቀጥ ሰምታችሁ፣ ድንገት ጸጥ ሲል ቀጣዩን ምት ቆማችሁ የጠበቃችሁበት ጊዜ አለ? እኔ ባለፈው ሳምንት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ አዳማ መናኸሪያ ጀርባ ካለ ጋራዥ የመዶሻ ድምፅና የመኪና ስቱኮ ሽታ አንድ ላይ መጡብኝና መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። ከአጥራችን ማዶ ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ባትላሜራ፣ የተጨራመተ የመኪና አካል የሚያቃኑ ባለሙያ፣ ነበሩ። ሚስታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ ከልጃቸው ከገመቹ በቀር ማንም አልነበራቸውም። ግቢያቸው ውስጥ የሐጂ ከድር አሮጌ አውቶቡስ ቆማለች፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ በዝዋይና በሻሸመኔ መንገድ ስትመላለስ ጎኗ የጎደጎደ።

ሥራውን ላስረዳ። የጎደጎደ ላሜራ የሚቃናው ለሁለት ነው። አንዱ ውስጥ ሆኖ ወፍራም ብረት ይደግፋል፤ ሌላው ከውጭ ይመታል። ላሜራው ስለሚጋርዳቸው አይተያዩም። ስለዚህ ገመቹ ብረቱን አዲስ ቦታ ላይ ባሳረፈ ቁጥር ከውስጥ ሁለቴ ያንኳኳል፤ "እዚህ ነኝ" ማለቱ ነው። አባትየው ድምፁን ተከትለው ይመታሉ። የቤት ሥራዬን የምሠራው ያንን እየሰማሁ ነበር።

ከዚያ ገመቹን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ጋሽ ቶሎሳ የቀን ሠራተኛ እያስያዙ ሌላውን ሁሉ ጨረሱ፤ ከበሩ ቀጥሎ ያለውን አንድ ላሜራ ግን ማንንም አላስነኩም።

"ቶሎሳ፣ ልትድራት ነው እንዴ?" አሉ ሐጂ አንድ ቀን መጥተው። "ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል አትኳልም!"

"የቀረችው የገመቹ ናት፣ ሐጂ። መጥቶ ይይዝልኛል።"

"አላህ ያምጣልህ። እኔስ እስከዚያ ልጆቼን ምን ላብላ?"

ክረምቱ ወጣ፤ ከገመቹ ወሬ የለም። አንድ ከሰዓት የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ጋሽ ቶሎሳ ሳጥን ላይ ቆመው፣ ግራ እጃቸውን በመስኮቱ አሾልከው ብረቱን ከውስጥ ይዘው፣ በቀኛቸው ይመታሉ። ጉንጫቸው ላሜራው ላይ ተለጥፎ አውቶቡሷን ያቀፉ ይመስሉ ነበር። ብረቱን የያዙት ራሳቸው ናቸው፤ ግን ከመምታታቸው በፊት ሁሌ ቆም ይላሉ። ምን እንደሚጠብቁ ገባኝ።

አውቶቡሷ ሰማያዊ ተቀብታ ሄደች። ገመቹ አልተመለሰም። ጋሽ ቶሎሳም አርፈዋል፤ መዶሻቸው የት እንደገባ አላውቅም። ለእኔ የቀረችኝ ያቺ ቆም ማለት ናት፤ ተማሪ ጠይቄ ዝም ሲለኝ ወደ ሌላው አላልፍም፣ እጠብቀዋለሁ።

እናንተም መናኸሪያ ውስጥ አሮጌ አውቶቡስ ካገኛችሁ፣ ከመስኮቱ በታች መዳፋችሁን አሳርፉና በጣታችሁ ሁለቴ አንኳኩ። ከዚያ፣ እባካችሁ፣ ትንሽ ቆዩ።