የቆረጥኩት ድምፅ

የማርከር ሽታ እስከዛሬ አፍንጫዬን ይሰነፍጠኛል። እዚህ ሁሩታ ታሪክ ላስተምር ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር አሰላ የተማርኩባት ክፍል ትመጣብኛለች፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የእርጥብ ሹራብ ጠረን፣ በመስኮቱ የሚገባው ግራጫ ብርሃን። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ሁሉን አውቄ የጨረስኩ የሚመስለኝ ቁጡ ልጅ።

የታሪክ መምህራችን ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በዚያ መንፈቅ ዓመት ያስተማሩን ስለ መሬት ነበር፣ ስለ ባለመሬትና ስለ ጭሰኛ። አርሲ ውስጥ ይህ የየቤታችን ጉዳይ ነው። የጭሰኛ የልጅ ልጆች በመስኮቱ በኩል፣ የባለመሬት የልጅ ልጆች በበሩ በኩል እንቀመጥ ነበር፤ እንዲህ ተቀመጡ ያለን ግን ማንም የለም። መምህሩ ታዲያ አንድ ደንብ ነበራቸው። ከየሽማግሌው የሰበሰቡትን ቃል ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ጠቅልለው ዕጣ ያስወጡናል። የደረሰንን ሰው ቃል «እኔ» እያልን እናነባለን። «ባለቤቱ ቢሰማችሁ፣ አዎ ይህ እኔ ነኝ እስኪል ድረስ አንብቡት። ትችቱ ከዚያ በኋላ ነው» ይሉ ነበር።

ለእኔ የደረሱኝ የባለመሬት ልጅ የነበሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። የመጀመሪያውን መስመር እንዳየሁ ደሜ ፈላ። አያቴ ኢተያ ላይ ከምርታቸው ግማሹን እያስረከቡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አላነብም!» አልኩ።

መምህሩ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አነበቡት። «እኛ ባንኖር ይህን አገር ዳዋ ይውጠው ነበር። ጭሰኞቻችንን እንደ ልጆቻችን ነበር የምናያቸው...» የሴትየዋን ኩራትም ናፍቆትም ሳይቀንሱ። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረጉና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቃሉን አንድ በአንድ ፈተሹት፤ ሴትየዋ የቱ ጋ እንደዋሹ፣ የቱ ጋ ሳያስቡት እውነቱ እንዳመለጣቸው። እኔ ግን ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር።

ትምህርቱን ሁልጊዜ በስልኬ እቀዳ ነበር። ከክፍል እንደወጣሁ መምህሩ የሴትየዋን ቃል ያነበቡበትን አንድ ደቂቃ ብቻ ቆርጬ፣ ስሜን ደብቄ፣ «መምህራችን ዛሬ ያስተማሩን ይህን ነው» ብዬ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግቢው ተንጫጫ።

በሦስተኛው ቀን የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ተቀመጠና መምህሩንም ክፍሉንም በሙሉ ሰበሰበ። በበሩ በኩል የሚቀመጡት ልጆች የሆነውን ሊያስረዱ ሞከሩ፤ «እናንተማ ምን ልትሉ ኖሯል!» ተባሉ። የእኛዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። «ሙሉው ቅጂ ያለው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስልኩ ጭኔ ላይ ነበር። ደግመው ጠየቁ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰብሳቢው መምህሩን ሊያድኗቸው የፈለጉ ይመስለኛል። «እርስዎ ራስዎ የማን ልጅ ነዎት? እሱን ብቻ ይንገሩን» አሏቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አልመልስም። በአባቴ ማንነት ከዳንኩማ፣ ለእነዚህ ልጆች ያስተማርኩት ምኑ ቀረ?»

ትምህርቱ ከእጃቸው ተወሰደ።

ለኢድ ኢተያ ስሄድ ጀብዱዬን «አካኮ» ለምላቸው ለአያቴ አወራሁ። ይመርቁኛል ብዬ ነበር። የመምህሩን የአባት ስም ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የእሱ አባት እኮ ከእኔ ጋር በሬ አቀናጅቶ ያረሰ ጭሰኛ ነው። የባለመሬቱ ትራክተር ሲመጣ መጀመሪያ የተነቀለው እሱ ነበር።»

ሙሉውን ቅጂ አሰሚኝ አሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ይህንን ለእነዚያ ሰዎች አሰማሻቸው?»

«አላሰማኋቸውም፣ አካኮ።»

ፊታቸውን አዞሩብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አሰላ እንደተመለስኩ መምህሩ ቤት ሄድኩ። መጽሐፎቻቸውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር። ስልኩን ዘረጋሁላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ከፊተኛው ወንበር፣ ከአንቺ ቦታ እንደተቀዳ ያስታውቃል።»

ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ «ያባርሩሽ ነበራ» ብቻ አሉኝና አንዱን ካርቶን በሲባጎ ማሰር ጀመሩ። ጫፉን ያዝኩላቸው። አልቅሼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ «በይ አጥብቀሽ ያዢ» አሉኝ።

በማግስቱ ቅጂውን ለኮሚቴው ሰጠሁ። እኔን ለአንድ ዓመት አገዱኝ፤ ለእሳቸው እንዲመለሱ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ደብዳቤው ሲደርስ ቤቱን ለቀው ሄደው ነበር። ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ቅጣቴን ጨርሼ ስመለስ ኮርሱን የያዙት ሌላ መምህር ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የማን ወገን እንደሆኑ በግልጽ ነገሩን፤ የእኛ ወገን ነበሩ። የማንንም ቃል አንብቡ አላሉንም። በመስኮቱ በኩል ያለው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ለማጨብጨብ እጄን ማንሳት አቃተኝ።