ዘመድ አይቆጠርም

አዳማ ከመጣሁ ስምንት ወር አልፎኝ፣ ከተማው ውስጥ «አንቺ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቼ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንሱም፤ ግን «ቲቸር፣ እርስዎ» ይሉኛል። አከራዮቼ ከአባትየው እስከ ትንሿ ልጅ «ቲቸር፣ ደህና ዋሉ» ብለውኝ ያልፋሉ። አክብሮት መሆኑን አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ስትደውል ግን ስልኩን ሮጬ የማነሳው ለዚያች ለአንዲት ቃል ነበር።

የማስተምረው ኮርስ አዲስ ነው። ተማሪዎቹ እስከዚያ ድረስ ፕሮግራም የሚጽፉት ለመምህር ነበር፤ መምህሩ ያያል፣ ውጤት ይሰጣል፣ ሥራው ፍላሽ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። እኔ የማስተምራቸው ለገበያ የሚወጣ፣ ብዙ ሰው ያለ ረዳት የሚጠቀምበት ሶፍትዌር መሥራት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «የምትሠሩት ለማታውቁት ሰው ነው።» ከዚያ አብራራሁ። ማብራራት እወዳለሁ፤ በቀን ውስጥ ሰው የሚያዳምጠኝ ያኔ ብቻ ነው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በኮርሱ አላመኑበትም። «ሴሚስተሩ ሳያልቅ፣ የማታውቁት አንድ ሰው ብቻውን ይጠቀምበት። አንድ ይበቃኛል» አሉኝ። «ካልሆነ በሚቀጥለው ሴሚስተር አይሰጥም። ደግሞ ዘመድ አይቆጠርም።» የምሞላው ቅጽ ላይ ሳይቀር «ዝምድና» የሚል ዓምድ አስገቡበት። ኮርሱ ከተዘጋ የእኔ ሥራ የኮምፒውተር ክፍሉን ጠዋት መክፈትና ማታ መዝጋት ይሆናል።

አራት ተማሪዎቼ የሠሩት መተግበሪያ እህል የሚያስጭን ነጋዴን ባዶውን ከሚመለስ አይሱዙ ጋር ያገናኛል። ሾፌሮቹን አዳማ መዝግበዋል፤ የቀረው ነጋዴ ነው። በገበያ ቀን ወደ አርሲ ነገሌ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ሕጉን ደጋግሜ ነገርኳቸው፦ ስልኩን ስጡ፣ ዝም በሉ፣ አትርዱ።

እህል ተራ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ጠና ያሉ ነጋዴ ስልኩን ተቀበሉን። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። «ስልክ ቁጥርህን አስገባ።» ቀና አሉና አጠገባቸው ሽምብራ ለሚሸጠው ሰውዬ አቀበሉት። «እንካ፣ አንተን ነው።»

«እኔን? ምን አደረግሁት?»

«ቁጥርህን ይፈልጋል።»

«አላውቀውም፣ አልሰጥም።»

ተማሪዎቼ ወደ እኔ አዩ። ሕጉ የራሴ ነውና ዝም አልኩ። ነጋዴዋ ሴትዮ ስልኩን ከሰውዬው ተቀብለው መለሱልኝ። «ጥሩ ነው። ይሄ የወንዶቹ ነው፤ የሴቶቹን ስታመጡ እሞክረዋለሁ።»

አንዱ ተማሪ ሳቁ ሲያመልጠው አፉን ያዘ። የእኔ ፊት ግን ጋለ። «አስገባ»፣ «ላክ»፣ «ተመለስ» የሚሉትን ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፌ የሰጠኋቸው እኔ ነበርኩ። ስለማናውቀው ሰው ያን ሁሉ ሳብራራ፣ በልቤ የነበረው የማላውቀው ሰው ወንድ፣ ያውም ታናሼ ነበር።

«የሴቶቹ የለም» አልኳቸው። «ስህተቱ የእኔ ነው።»

ትንሽ አዩኝ። «አስተማሪያቸው አንቺ ነሽ? ኢንተላ ኮ፣ ቁርስ በልተሻል?» በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ጆንያው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። በልቻለሁ አልኩ፤ አልበላሁም ነበር። ስልክ ቁጥር ተለዋውጠን ተለያየን።

በመልሱ መንገድ ተማሪዎቹ ተከራከሩ። «‹አንቺ›ንም እንጨምርና ሰው ይምረጥ» አለ አንዱ።

«እህል ሊያስጭን የመጣን ሰው መጀመሪያ ፆታህን ንገረኝ ልትለው ነው?» አለችው ጓደኛው። «በ‹እርስዎ› ይሁን። ለወንድም ለሴትም ይሆናል።»

«ይሄን ወያላ ‹ያስገቡ› ብትዪው አርጅቻለሁ እንዴ ብሎ ይደነግጣል።»

ወያላው ከበሩ ዞሮ «በሉኛ፣ ማን ጠልቶ» አለ። ተሳሳቁ።

«ቲቸር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እርስዎ» ትክክል ነው አልኩ። ማንንም የማያስቀይም፣ ለማናውቀው ሰው የተሠራ ቃል ነው ብዬ አብራራሁ። ያን ቃል ስምንት ወር ሙሉ መስማት ምን እንደሚመስል ግን አላብራራሁም።

ቃላቱን ሁሉ ቀይረው የታደሰውን ለሴትዮዋ ላኩላቸው። ሁለት ሳምንት ምንም አልመጣም። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ፈተና ሳርም ስልኬ ጠራ።

«አንቺ ልጅ፣ ጠፋሽ» አሉ። «ያንን ነገር ከፈትኩት። ‹ያስገቡ› አለኝ፣ አስገባሁ። መኪናው መጥቶ እየጫነልኝ ነው። ጩኸቱ ይሰማሻል?»

ይሰማኝ ነበር። «ማን ረዳዎት?» አልኩ፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

«ማን አለኝና? ልጆቼ እንደሆኑ አዲስ አበባ ናቸው። ብቻዬን ነው የሠራሁት» አሉ። «አንድ ቀን ነይና ምሳ እንብላ። ያኔም ውሸትሽን ነበር፣ አልበላሽም።»

ቅጹን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አወጣሁ። ተጠቃሚ፦ አንድ። እርዳታ፦ አልተደረገም። «ዝምድና» የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። «ኢንተላ ኮ» ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ በመጨረሻ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱም እሱ ነው።

በማግስቱ ኃላፊው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ኮርሱ እንደሚቀጥል ነገሩኝና ከወንበራቸው ተነስተው ጨበጡኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አሉኝ።