በክት እንዳትሆን

የወረታ እንስሳት ክሊኒክ ኃላፊ የነበረው ሰው ደግ ነበር ይባላል። ይበሉ። እኔ ሦስት ዓመት ከሥሩ ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ የምጽፈው የአንዲት ላም ነገር ብቻ ነው። ሌላው ይቅር።

መስከረም ነበር፤ ከፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶ ማገጥ የሚሉት ሣር ለምልሟል። ባሏ የሞተባት የአንዲት ገበሬ ላም ያን እርጥብ ማገጥ በጠዋት በባዶ ሆዷ ግጣ ተነፋች። ሴትዮዋ ሌላ ላም የላትም፤ ልጆቿን የምታሳድረው በእሷ ወተት ነው። ከኃላፊው ጋር ስንደርስ ላሟ ወድቃ ምላሷን አውጥታለች። የሟች ባሏ ወንድም ቢላዋ ይስላል። ጎረቤቱ ለቅርጫ ተጠርቷል። ዓርብ ቢሆን ኖሮ ማንም አይቸኩልም ነበር፤ ቀኑ ግን ሐሙስ ነው።

«ዶክተር፣ ቶሎ በይ እንጂ! በክት ልታደርጊብን ነው?» አለኝ ቢላዋ የሚስለው።

«አንተስ ከላሟ ብሰህ ተነፋህ» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም።

ግራ ጎኗ ላይ ባለ ቱቦውን መብሻ ሰደድኩ። አየሩ እያፏጨ ወጣ፤ ላሟ ምላሷን ሰበሰበች። ወዲያው ግን አረፋ ቱቦውን ደፈነው። አረፋውን የሚሰብረው ዘይት ነው።

«የኑግ ዘይት አለሽ? ሮጠሽ አምጪ» አልኳት ሴትዮዋን።

«ትተርፍልኛለች፣ እቴ?»

«ትተርፋለች።»

ነጠላዋን ጥላ ሮጠች።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «ይበቃል። ከሞተች በኋላ ማን ሊበላት ነው? እረዱ!»

«ዘይቱ እየመጣ እኮ ነው!»

«ያንቺ ነገር ሁልጊዜ እየመጣ ነው» ብሎ በትከሻው ገፋ አደረገኝ። ቱቦው ጎኗ ላይ እንደተሰካ አረዷት።

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ይዛ ደረሰች። ደሙን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ለካ ዘወር እንድልላችሁ ነው የላክሽኝ» አለች።

ኃላፊው አጠገቤ ቆሟል። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ቢል ይበቃ ነበር። እሱ ግን ከሽንጡ ለክሊኒኩም እንዲመድቡ ይነግራቸው ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ፊቷን አዞረችብኝ። ሁለት ጊዜ ላስረዳት ሞከርኩ። በሦስተኛው እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ኃላፊው ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም። የጠየቀኝን ሁሉ አሞኝ ነው አልኩ። አላመመኝም ነበር።