አባባ ቃሬዛ ላይ ሆነው ያስነሱት ክርክር

ባለፈው ፍልሰታ... አንድ ጠዋት ባጃጄን ላሊበላ መናኸሪያ በር ላይ አቁሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። «አባትህ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል፤ ቶሎ ድረስ!» አሉኝ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከመኪናው መንገድ ቁልቁል ተወርዶ በምትገኝ ትንሽ ደብር ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያስተማሩ ሰው። ለጸሎት ሲወርዱ ጭቃው አዳልጧቸው ነው። በክረምት ደግሞ እዚያ ሰፈር እንኳን አምቡላንስ፣ በቅሎም በመከራ ነው የምትገባው። ያለው ቃሬዛ ነው... አራት ትከሻ።

ትከሻው ግን ጠፋ። ጎበዙ ሁሉ አረም ላይ ነው። ያለነው እኔ፣ ጎረቤታችን አያ ሞላና አንድ ዲያቆን ብቻ። አራተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወሬው ደርሶት ከጋሸና በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ!

አሁን ጉድ ፈላ። ደሳለኝ ጴንጤ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። አባባ ያንን የሰሙ ቀን «እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም» ብለው በሩን ዘጉበት። ከዚያ ወዲህ ስሙን እንኳ አይጠሩም። «ያ ሰውዬ» ነው የሚሉት።

«ያ ሰውዬ ቃሬዛዬን እንዳይነካ!» አሉ፣ እግራቸው እንደዚያ አብጦ።

«የኔታ፣ ይሄ ዳገት በሦስት ሰው አይወጣም እኮ» አሏቸው አያ ሞላ።

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ይሄን እንደ እሺታ ቆጥረን አነሳናቸው። እኔና ደሳለኝ ከፊት በራሳቸው በኩል፣ አያ ሞላና ዲያቆኑ ከኋላ።

ዳገቱን ስንጀምር አያ ሞላ እንደ ልማዳችን «እመብርሃን!» ብለው ጮኹ፤ እኛም ተቀበልን። ደሳለኝ ብቻ «ጌታ ሆይ!» አለ። አባባ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«አንተ» አሉኝ እኔን፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ። ወላዲተ አምላክን ቢጠራ ምላሱ አይቃጠልም።»

ልብ በሉ... ደሳለኝ ከጆሯቸው አንድ ክንድ አይርቅም!

እሱም የሳቸው ልጅ ነውና ዞሮ አላየም። «ለአባባ ንገርልኝ። የወለደችው አምላክ ነው፣ እሷም ወላዲተ አምላክ ናት። ይሄን ክጄ አላውቅም። የማልስማማው ታማልዳለች በሚለው ነው።»

አባባ አንገታቸውን አዙረው የደሳለኝን ጀርባ አዩ።

«ክዷል ነው ያሉኝ...» አሉ ለራሳቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተቆጡት በሰው ወሬ! አንጀቴን በሉት።

ግን አባባ እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ መስሏችኋል? ወይ ፍንክች!

«እሺ፣ መዳኑስ? ድኛለሁ ይላል አሉ። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ማረኝ፣ ማረኝ እያልኩ ቆሜ ድኛለሁ ለማለት አልደፈርኩም። እሱ በየት በኩል አልፎኝ ሄደ?»

ደሳለኝ እንጨቱን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «አባባ» አላቸው፣ እኔን ረስቶኝ በቀጥታ። «አሁን እየሄዱ ያሉት በማን እግር ነው? አንድ እርምጃ አልተራመዱም፣ መንገዱ ግን እያለቀ ነው። እኔም ድኛለሁ ስል በጉልበቴ አይደለም። የተሸከመኝ አለ ማለቴ ነው።»

እውነቴን ነው፣ ልቤ ሞቀ። እኔ ማተቤን አልበጥስም፤ ወንድሜ ግን ንግግር ያውቅበታል! ዲያቆኑ እንኳ ከኋላ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

ያኔ ነው አያ ሞላን ያዳለጣቸው።

ቃሬዛው ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ዘመም አለ። አባባ ሁለቱንም እንጨት ጨምድደው «ወላዲተ አምላክ!» ብለው ጮኹ። ደሳለኝ «ኢየሱስ!» አለና በጉልበቱ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። እንጨቱን ግን ከትከሻው አላወረደም። ሱሪው ተቀዶ ጉልበቱ ደም በደም ሆነ።

አያ ሞላ ተነስተው እንጨታቸውን መልሰው ያዙ።

«አየህ!» አሉ አባባ። «ደርሻለሁ ብዬ እጄን ለቅቄ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ገደል ነበርኩ! ተሸካሚ ቢኖርም ሰው እስኪደርስ ድረስ በሁለት እጁ ይይዛል!»

ደሳለኝ እንደተንበረከከ ሳቁ መጣ። «ታዲያ ጣልንዎት እንዴ፣ አባባ?»

«አልጣልከኝም» አሉ ቀስ ብለው። እኔን አይደለም... እሱን ነው ያሉት።

መኪናው መንገድ ላይ ባቆምኩት ባጃጄ ይዘናቸው ላሊበላ ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ «የሚገባው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው» አለች። እኔ ቀደም አልኩ። ያው ከተማው ከተማዬ ነው፣ ሰዉንም አውቀዋለሁ ብዬ።

አባባ በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ። «እሱ አይደለም። ልጄ ይግባ።»

«የትኛው ልጅዎት?» አለች ነርሷ።

«ያ፣ ጉልበቱ የደማው። የበኩር ልጄ ነው። እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው። ክርክርም ቢሆን ከኔ ነው የተማረው!» አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየሰማ።

ደሳለኝ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እኔም አልዋሽም፣ ዓይኔን ጠረግ ጠረግ አደረግኩ። እንዴት እንደኮራሁባቸው! ካመኑበት ነገር ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም፤ አባቴ ግን ልጃቸውን፣ ወንድሜም አባቱን አገኙ። የዚህ ቤት ልጅ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

በሩ ሲዘጋ የአባባ ድምፅ ተሰማኝ። «በል ተቀመጥ። አሁን ወደ ምልጃው እንምጣ...»

የእግር ስብራት ደግሞ ወራት ይፈጃል አሉ... ወንድሜን እግዜር ያጽናው!