አሥራ ሁለት ኦም በከሰል

ከሚሴ ሳይንስ አስተምር ነበር። ፖሊሶች ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ጠሩኝና ሁለት ክንዴን ወደ ኋላ አስረው ወሰዱኝ። የጨፋ ጭሰኞች ከመሬታችን አንነቀልም ብለው ያቀረቡትን አቤቱታ ማን እንደጻፈላቸው ይፈለግ ነበር። ከቦርሳዬ የተገኘው ግን አንድ ደብተር ብቻ ነው፤ ቪ፣ አይ፣ አር እየተባለ ቁጥር የተደረደረበት።

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበር ማሽላ ማሽላ ይሸታል። ውስጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ አቤቱታው ላይ በጣትዎ ፈርመዋል ተብለው ከጨፋ የመጡ። እኔና እሳቸው አንተዋወቅም።

“አካም ጅርታ፣ ልጄ?” ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝና ጣቶቼን አዩ። ገመዱ አሳብጧቸው አልታጠፍ ብለዋል። “ቢስሚላህ” ብለው ከቅላቸው ውሃ እያፈሰሱ አሹልኝ። ቂጣቸውንም እየቆረሱ አጎረሱኝ።

በማግስቱ የጣቢያው አዛዥ፣ ሻምበሉ፣ ደብተሩን ይዞ ገባ።

“ቪ ማነው? አይስ? የአድመኞቹ ስም ነው፣ አይደል?”

“ቪ ቮልቴጅ ነው፣ ኤሌክትሪኩን የሚገፋው። አይ ደግሞ ከረንት፣ የሚፈሰው መጠን። ሁለቱ ከታወቁ የአምፖሉ ኃይልና ተቃውሞ ይገኛል።”

“ተቃውሞ?” ዓይኑን አፈጠጠ።

“የሽቦው ነው” አልኩ።

ከኪሱ የቢስክሌት መብራት አምፖል ከነካርቶኑ አወጣ፤ ካርቶኑን በመዳፉ ሸፈነው። “አምፖሉ ሥር ላይ ስድስት ቮልት፣ ግማሽ አምፔር ይላል። ኃይሉ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ግድግዳው ላይ አስላና አሳየኝ።”

የከሰል ስባሪ አነሳሁ፤ ከጣቴ ወደቀ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አነሱልኝ። “አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍ።”

“ቮልቱን ለአምፔሩ እናካፍል። ስድስት ለግማሽ።”

ጥቂት አሰቡ። “አንድ ቁና ሁለት ግማሽ አለው። ስድስት ቁና አሥራ ሁለት ይወጣዋል።”

“አዎ አባቴ፣ ተቃውሞው አሥራ ሁለት ኦም ነው። አሁን ስድስትን በግማሽ እናባዛ፤ ኃይሉ እሱ ነው።”

“ሦስት።”

“ሦስት ዋት።” መታሰሬን ለአፍታ ረሳሁት፤ ጎበዝ ተማሪ እንዳገኘ መምህር ደስ አለኝ።

ሻምበሉ መዳፉን ከፍቶ ካርቶኑን አየ። ሦስት ዋት ይላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ይሄስ የምን ጽሑፍ ነው?” አለ። ሽማግሌው ቁጥሮቹን የጻፉት ቁርአን ቤት በተማሩት በዓረብኛው ነበር።

ፎጣቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ። “ቁጥር ነው፣ ጌታው። ሒሳቡም ልክ ነው። አቤቱታው ላይ ያለው ጣትም የኔ ነው። ሌላ ሰው አትፈልጉ።”

ሻምበሉ ወደ በሩ ዞረ። ደብተሬ ነጻ አውጥቶኛል፤ ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

“ጣቱ የሳቸው ነው” አልኩ። “አቤቱታውን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።”

ሽማግሌው አላዩኝም። ያበጠ እጄን ብቻ በቀስታ ያዙት።

እሳቸውን ወደ ደሴ ወሰዷቸው፤ እኔ ስምንት ወር ታሰርኩ። ከተፈታሁ በኋላ ሰንበቴ ገበያ ላይ የአገራቸውን ሰው አግኝቼ ጠየቅሁ። በሰላም ተመልሰው፣ እርሻቸው ላይ ሁለት ክረምት አርሰው ከዚያ መሞታቸውን ነገረኝ።

ልጆቼ አንዳንዴ፣ “ዝም ብትል ኖሮስ?” ይሉኛል። በሳምንቱ እፈታ ነበር። ግን እኚያን ሰው ዛሬ እንዲህ በፍቅር ላነሳቸው የምችል አይመስለኝም።