ድምፅ የሌላት ካሜራ

የሙንሲፍ የመጀመሪያ ካሜራ ስትቀርጽ እንደ ስፌት መኪና ትንጫጫ ነበር። የጎረሰችው ፊልም ገና ወሬው ሳይሞቅ ያልቅባትና ዝም ትላለች። ከርከና ደሴት ላይ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ጎረቤቱ እማማ መብሩካ ጩኸቷን ሲሰሙ ሻሻቸውን ያስተካክሉና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ባሕራችን ደግ ነው» ይላሉ። ዝም ስትል ደግሞ፣ «ተገላገልን! በል አሁን እውነቱን እናውራ። የምን ደግ ነው፣ ዓሣ ካየን ስንት ጊዜያችን!» ብለው ይስቃሉ።

ሙንሲፍ ሲሸብት ካሜራውም ተለወጠች። አዲሲቱ መዳፍ ላይ ታድራለች፤ ረዳት አትፈልግ፣ ፊልም አትጎርስ፣ ቀኑን ሙሉ ስትቀርጽ ብትውል ትንፍሽ አትልም። ለብቻው ለሚሠራ ድሃ ፊልም ሠሪ ሲሳይ ናት።

እሷን ይዞ እማማ መብሩካ ቤት ሄደ። ልጃቸው ራሚ በድብቅ ባሕር ሲሻገር ጀልባዋ ሰጥማ ሞቷል። «ሳይነግረን ሄደ» አሉ፣ በዚያው ጉሮሮ በተጠረገበት ድምፅ። ሙንሲፍ ካሜራዋን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ጩኸት የለም። እማማ ሻሻቸውን ፈታ አደረጉ።

«ምስኪን ሚስቱ ረብሃ ‹አትሂድ› ብላ እግሩ ላይ ወድቃ ነበር። እሷ ሳታውቅ ወርቄን ሸጬ የላክሁት እኔ ነኝ። አደራህን፣ ረብሃ እንዳትሰማ!»

ካሜራዋ አልጠፋችም ነበር። ሙንሲፍ ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነበር፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀረጸ። «በኋላ አስፈቅዳቸዋለሁ» አለ ለራሱ። ፊልሙን ሲያቀናብር ግን ከዚያች ቃል የሚበልጥ ነገር አጣ። እንቢ ቢሉኝስ ብሎ ፈራና ሳይጠይቃቸው ቀረ።

ፊልሙ በዓሣ አጥማጆቹ ካፌ ግድግዳ ላይ ታየ። ረብሃ ልጇን ታቅፋ ከአማቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። የወርቁ ነገር ሰው ሁሉ ፊት ተሰማ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ረብሃ ተነሥታ ከነልጇ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ከዋና ከተማው የመጡት እንግዶች አጨበጨቡ፤ ሙንሲፍ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በማግስቱ ካሜራዋን ትቶ ባዶ እጁን ሄዶ እማማ መብሩካ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ አፈርኩ። እያወቅሁ ነው ያላጠፋኋት። ይቅር በሉኝ።»

አሮጊቷ እጆቹን አዩ፤ ኪሱን አዩ። ከዚያ ሻሻቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ» አሉት። «አልሐምዱሊላህ፣ ባሕራችን ደግ ነው።»