ያሳረፍነው ተረተር

የዕጣን ዛፍ ይደክማል። ይህን የምለው ነገር ለማሳመር አይደለም፤ ዕድሜዬን በቆላ ፀሐይ ልጥ ስገፍፍ የኖርኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ነው የምናገረው። ሙጫውን ፈልገህ በየዓመቱ ያለ ፋታ ስታደማው ቅጠሉ ይሳሳል፣ ፍሬው ይመክናል፣ ግንዱን ትል ይገባዋል፤ በመጨረሻም የክረምት ነፋስ መጥቶ ይገነድሰዋል። ስለዚህ እናሳርፈዋለን። ማኅበራችን ካለው ደን አንዱን ወገን ሲያደማ ሌላውን ለጥቂት ዓመታት ይተወዋል። ባረፈው ወገን ምንጋፍ ይዞ መገኘት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ምንጋፍ የምንላት ልጡን የምንገፍፍባት አጭር ስለት ናት፤ እሷን ይዞ እዚያ የታየ ሰው በሰው ቤት እቃ ሲፈትሽ እንደተገኘ ይቆጠራል።

ያሳረፍነው ተረተር ለድንበሩ ቅርብ ከሆነችው ከሸሕዲ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የሰሊጡ ሜዳ አልቆ ድንጋያማው ዳገት የሚጀምርበት ነው። ማሳረፍ ሲያወሩት ቀላል ነው። በእነዚያ ዓመታት የማኅበሩ ሰው ግማሹ ወደ ሰሊጥ እርሻ እየወረደ፣ ከደገኛው የቀን ሠራተኛ ጋር እየተጋፋ አረምና አጨዳ እየሠራ ነው ቤቱን የደጎመው። ባለቤቴ፣ «ዛፉስ አረፈ፤ እኛስ መቼ ነው የምናርፈው?» ትለኝ ነበር። እኔም እስቅላት ነበር። እኔ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነኝ። ለሹመቱ ያበቃኝ ጉልበቴ ዳገት እምቢ ማለቱ ነው እንጂ ሌላ ችሎታ የለኝም።

ካቻምና በጋ፣ ተረተሩ የዕረፍቱን ጊዜ ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ማዕድን የሚፈልጉ ሰዎች በሁለት ፒክአፕ መጡ። አለቃቸው ወጣት የጂኦሎጂ ባለሙያ ነበረች። የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ዕጣን በያዙት ጆንያዎች ላይ ተቀምጠን አዳመጥናት። የሚፈልጉት ግራፋይት ነው አለች፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር። ባትሪ የሚሠራው ከእሱ ነው፤ ባትሪው ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ያጠራቅማል፣ ቤንዚን የማይጠጣ መኪና ይነዳል፣ አየሩንም ከጭስ ያድናል።

ልዋሽ አልችልም፤ ነገሩ ደስ ብሎኛል። የእኔም ጣሪያ ላይ ሶላር አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኩን ይዞ የእኛን ደጅ የማይረግጥ ጎረቤት የለም። ድንበሩ ማዶ ጦርነት ከገባ ወዲህ ደግሞ እኛ አገር ቤንዚን እንደ መድኃኒት በላስቲክ ጠርሙስ እየተለካ ነው የሚሸጠው። ቤንዚን የማይጠጣ መኪና ሲባል መጋዘኑ በሳቅ ሞላ። «እሱማ ተማም ነው፤ ምን ወጣለት!» ያለም ነበር።

ልጅቷ ጨዋ ነበረች። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «የእናንተን እንጀራ መንካት አንፈልግም። የምትሠሩበትን አሳዩን፤ እሱን ትተን እንሄዳለን።»

በዕድሜም በሥራም የሁላችን ታላቅ የሆኑ፣ ከወሎ መጥተው እዚህ የሸበቱ ሽማግሌ አሉን። ምንጋፍ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ተነሡና በበሩ በኩል በእጃቸው እያመለከቱ፣ «የምንሠራበትን ከማየትሽ በፊት ያን ማዶ ተረተር እዪልኝ፣ የኔ ልጅ። ወላሂ፣ ስለት አልነካውም! እንዲህ ያለ ዛፍ ቋራ ድረስ ብትሄጂ አታገኚም» አሉ። የደለበ በሬውን ለእንግዳ እንደሚያሳይ ገበሬ ነበር የኮሩት። እኔም ኮርቼ ነበር። ጉልበቴን እየረገምኩ ይዣት ወጣሁ። የዳነውን ልጥ፣ የሞላውን ቅርንጫፍ፣ ከድንጋዩ መሃል ብቅ ያለውን ችግኝ አሳየኋት። ዛፉን ለምን እንደምናሳርፍም ነገርኳት። በእጇ ግንዱን እየዳሰሰች፣ «በጣም ያምራል» አለችኝ። ከልቧ ነበር።

ከዚያ ሰዎቿ ደኑን ዞሩት። አዲስ ቁስል ባዩበት ግንድ ሁሉ ቢጫ ጥብጣብ አሰሩ፤ ሰው ይሠራበታል ማለታቸው ነው። የምናደማው ወገን በሙሉ ታጠረ። እኛም ምስጋና አቀረብን። ተረተሩ ላይ ጥብጣብ አለመታሰሩን አይተናል፤ ግን ማን ልብ አለው? ያረፈ ዛፍ ጠባቂው ነውሩ ነው ብለን ኖረናል።

ዶዘር ተረተሩ ላይ የወጣው በገበያ ቀን ነው። ጩኸቱን ሰምተን ስንደርስ ከሥር እስከ ወገቡ መንገድ ወጥቶለት ነበር። የተገነደሱት ዛፎች ግራና ቀኝ ተከምረው ስብራታቸው ላይ ሙጫው ያንጠባጥባል። ስንት ዓመት ስንጠብቀው የነበረ ሙጫ መሬት ላይ ይፈሳል።

ልጅቷን ከፒክአፑ አጠገብ አገኘኋት። ሁኔታዬን አይታ ደነገጠች። «ጋሼ፣ ቁስል ያለበትን አንድም ዛፍ አልነካንም እኮ! ማንም የማይሠራበትን መርጠን ነው።»

«ልጄ፣» አልኳት፣ «የተኛ ሰው ቀበርሽብኝ።»

«እንደምታሳርፉት ነግረውኛል፤ እኔም ለቢሮ ተናግሬያለሁ። ቢሮው ያየው ግን ቁስሉን ነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስልክ አወጣች፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣች፣ ደወለች፣ ተከራከረች። ዶዘሩ ለአንድ ቀን ቆመ። በማግስቱ መስመሩ አንዴ ጸድቋል ተባለና ቀጠለ። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምጣላው ሰው ባገኘሁ። ቀበሌ ሄጄ ብጮህ፣ «ባዶ ደን ነው ተብሎ እኮ ነው፤ ጥቅም ላይ የዋለውንማ ከልለውላችኋል» አሉኝ። ውሸት ነው ልል አልቻልኩም። የእኛን ሥራ ያዩት በቁስሉ ብቻ ነው። ሥራችን ግማሹ አለመንካት መሆኑን እንዴት አድርጌ ላሳያቸው? አለመንካት ምልክት የለው።

ሰዎቹ መሰርሰሪያቸውን በዚያ መንገድ አውጥተው መሬቱን በስተው፣ ከውስጥ ያወጡትን እንደ ሸንበቆ ድብልብል የሆነ ድንጋይ በሳጥን ደርድረው ጫኑና ክረምት ሳይገባ ሄዱ። ተገኘ አልተገኘ የነገረን የለም። መንገዱ ግን ቀረ። አምና ዝናቡ እንዳቆመ በዚያው መንገድ ከሰል አክሳዮች ገቡ፣ ከእነሱ ኋላ ትራክተር ገባ፤ የተረተሩ ግርጌ አሁን የሰሊጥ ማሳ ነው። ለማሳው ዘበኛ ሲፈለግ ለእኔ ነው ጥያቄ የመጣው። ቦታውን ስለምታውቀው አሉኝ። አልፈልግም ብዬ፣ አመስግኜ ተመለስኩ። መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል።

ዘንድሮ ዝናቡ አቁሞ ሥራ ሊጀመር ሲል መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰብን። ስናደማው የኖርነው ወገን ደክሟል፤ ተራው ማረፍ ነው። ተረተሩ ላይ የተረፈችውን ጥቂት ዛፍ እየሠራን ዋናውን ደን እንተወዋለን ብዬ ነገሩን ለወጉ ያህል አነሣሁ። እንደ ሁልጊዜው ሽማግሌው ይመርቁናል ብዬ ጠበቅኩ።

«አናሳርፍም» አሉ።

ሁላችንም አፈጠጥንባቸው።

«አባባ፣ ምን ማለትዎ ነው? ዛፉ እኮ ይሞታል» አልኳቸው።

«እሱስ ይሞታል፣ ልጄ። አርፎም ሞተ፤ አላየህም? ያልቆሰለ ዛፍ የማንም ነው። ኻላስ፣ በቃ፣ ሁሉንም አድሙት። ቀጭኑንም ሳትተዉ፣ በየግንዱ ቁስል ይታይ።» ይህን ብለው ተቀመጡ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ያዙ። እኔም ቃላቸውን የማኅበሩ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ማረፍ ወደነበረበት ደን ገባሁ። ወጣቶቹ ብቻቸውን እንዲያደርጉት አልፈለግኩም። የጀመርኩት ከዳር ካለው ዛፍ ነው። ዙሪያውን ቁስል በቁስል ሆኖ ጤነኛ ልጥ ፍለጋ ብዙ ዳበስኩት። በማዶ በኩል፣ ወደ ገደሉ፣ ጥሩ ቦታ ነበረው፤ እዚያ ቢሆን ሕመሙ ይቀልለት ነበር። እኔ ግን ዞሬ፣ ከመኪና ሆኖ ለሚያልፍ ሰው እንዲታይ፣ በመንገዱ በኩል ገፈፍኩት።